ጃንጥላው መሬት ከነካ በኋላ

ከዓለም ከተማ ዳር ቆሞ የጀማን ሸለቆ ቁልቁል ያየ ሰው፣ ከሰማይ ወርዶ መዋጋት ምን እንደሚጠይቅ ለመገመት ብዙ አይቸገርም። ሜዳው ሳይታሰብ ያልቃል፤ ከእግር ሥር ገደል ነው፤ ከቆላው የሚነሣው ነፋስ ሽቅብ ይገፋል። በዚህ ደጋ፣ ከመርሐቤቴ እስከ መንዝና ግሼ፣ ወታደርነት ከእርሻና ከክህነት ጋር አብሮ የኖረ ሙያ ነው። መንዝን ያጠናው ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ»ን ሲያሳትም፣ የጦረኝነት ክብር በአማራው ገበሬ ኑሮ ውስጥ ያለውን ቦታ ሳያነሣ አላለፈም። ጀግንነት እዚህ የሚነገርበት የታወቀ መንገድ አለ፤ ሽለላው፣ ፉከራው፣ ቀረርቶው። ፎካሪው ስሙንና የአባቱን ስም፣ የጣለውንና የጣለበትን ቦታ ይጠራል። ሲዋጋ ባዩት ሰዎች ፊት ስለሚቆም፣ ቢያጋንን የሚያርመው አያጣም። የአየር ወለድ ወታደር ግን እንዲህ ያለ ምስክር አያገኝም። የላከው አዛዥ ሜዳው ላይ የሆነውን አላየም። አብሮት የዘለለውን ጓዱን ነፋስ ወደ ሌላ ጥግ ወስዶታል። ሁሉን በቅርብ ያየው ከታች ሆኖ ሲጠብቀው የነበረው ባላጋራ ነው። ስለዚህ የዚህ ወታደር ጀግንነት በሦስት ሰዎች እጅ ተበትኖ ይቀራል፤ በላኪው፣ በዘላዩና በጠባቂው። ሦስቱን ፈልጎ፣ የአንዱን ቃል በሌላው መርምሮ የሚያገናኝ በማስረጃ የተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ ነው። ስለ ኢትዮጵያ አየር ወለድ በእጃችን ያለው ጽሑፍ ግን በአመዛኙ የላኪው ቃል ነው፤ ከሌላው ወገን የጠባቂው ቃል አለ፤ መካከለኛው፣ የዘለለው ሰው ቃል፣ ጎድሏል። ይህ ጉድለት እንዴት እንደመጣና ለምን ሊሞላ እንደሚገባ ለማየት ታሪኩን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያውያን ከሰማይ የሚወርድ ጦርን መጀመሪያ ያወቁት በጠባቂነት ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተያዘች ከሁለት ወር በኋላ ገደማ፣ በሰኔ፣ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ከነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ከተባለ ሜዳ ላይ አረፉ። የአየር ኃይሉ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮ፣ ኮሎኔል ካልዴሪኒና ስመ ጥሩው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ አብረው ነበሩ። ምዕራቡን ያለ ውጊያ ለመያዝ ያሰቡት ከደጀናቸው ርቀው፣ ሰው ይቀበለናል ብለው በማመን ነው። የጥቁር አንበሳ አርበኞች ማኅበር አባላትና ከሆለታ የወጡ ወጣት መኮንኖች በሌሊት ደረሱባቸው፤ አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ ከመጡት መካከል አንድ ሚሲዮናዊ ቄስ ብቻ በሕይወት ተረፈ። ሰዎቹ በጃንጥላ አልወረዱም፤ የገጠማቸው ዕጣ ግን የአየር ወለድ ዕጣ ነው። ከሰማይ የመጣ ጦር የሚያርፍበትን ሜዳ ይመርጥ እንደሆነ እንጂ፣ በሜዳው ዙሪያ የሚጠብቀውን ሰው አይመርጥም። ጣሊያን ለእነዚህ ሰዎች የጀግና ስም ሰጥታ ሐውልት አቁማለች፣ መጽሐፍም ጽፋለች፤ እኛም የገደሏቸውን አርበኞች በክብር እናነሣለን። ሁለቱ ትረካዎች ግን ለረጅም ጊዜ በአንድ ገጽ ላይ አልተገናኙም፤ በኋላ በአየር ወለዶቻችን ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

በ1933 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በሁለት የተራራቁ ቦታዎች ሁለት ነገሮች ሆኑ። ግንቦት 12 ቀን ጀርመኖች በሺህ የሚቆጠሩ ጃንጥላ ዘላዮችን ቀርጤስ ደሴት ላይ አወረዱ። ወታደሩ ብቻ ሳይሆን የደሴቲቱ ገበሬም በማጭድና በአሮጌ ጠመንጃ ተቀበላቸው። ጀርመኖች ደሴቱን ቢይዙም የሞተባቸው ሰው ብዛት ሂትለርን ስላስደነገጠው፣ ያን የመሰለ ትልቅ የአየር ወለድ ዘመቻ ዳግመኛ አልፈቀደም። በሦስተኛው ቀን፣ ግንቦት 15፣ ከደብረ ማርቆስ ሸሽቶ ዓባይን የተሻገረውና ከመርሐቤቴ ጎረቤት ከደራ አልፎ የመጣው የጣሊያናዊው ኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር አጊባር ላይ እጁን ሰጠ፤ ከነቅኝ ግዛት ወታደሮቹ ወደ 8,000 ሰው ይሆናል። ከበባውን የመራው የብሪታንያው መኮንን ኦርድ ዊንጌት ነው፤ ከእርሱ ጋር የነበረው መደበኛ ጦር እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ቁጥሩን ያበዙት የልዑል ራስ ካሣና የአካባቢው አርበኞች ናቸው። ዊንጌት ከጠላት መስመር በስተጀርባ ጥቂት ሰው ይዞ መዋጋትን በእነዚህ ደጋዎች ፈተነ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ ይህንኑ ሐሳብ ወደ በርማ ወስዶ በሺህ የሚቆጠር ጦር በተንሳፋፊና በማጓጓዣ አውሮፕላን ከጃፓኖች ጀርባ አሳረፈ። በዚያው ዘመቻ መካከል በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የአየር ወለድ ጦርነት ታሪክ ሲጻፍ አጊባር የሚነሣው በጨረፍታ ነው። በሸዋና በወሎ ድንበር የነበሩት ገበሬ ተዋጊዎች ግን ያን ሐሳብ በጠመንጃቸው ከፈተኑት ሰዎች ጋር መቆጠር አለባቸው።

በአውሮፓ ጃንጥላ ዘላዩን ወደ መጽሐፍ ያስገባው አርንሄም ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1944 ወደ 10,000 የሚጠጉ የብሪታንያና የፖላንድ ወታደሮች ከራይን ወንዝ ማዶ ወረዱ፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ወንዙን ተሻግረው የተመለሱት ከ2,500 ያንሳሉ። ኮሎኔል ጆን ፍሮስት 700 ያህል ሰው ይዞ የድልድዩን አንድ ጫፍ ለሦስት ቀንና አራት ሌሊት ጠበቀ፤ ሊደርስለት የሚገባው ታንከኛ ጦር አልደረሰም። ኮርኔሊየስ ራያን ይህን ታሪክ «አንድ ድልድይ ያለፈ ሩቅ» ብለን ልንጠራው በምንችለው መጽሐፉ ሲጽፍ ያደረገው ነገር ለእኛ ትምህርት ነው። ጄኔራሎቹን ጠየቀ፤ ተራውን ዘላይ ጠየቀ፤ ጀርመናዊውን መኮንን ጠየቀ፤ ቤቷ ሆስፒታል የሆነባትን ሆላንዳዊት ሴትም ጠየቀ። በካንሰር እየተሠቃየ ጽፎ ጨርሶ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1974 ወጣ፤ በዚያው ዓመት አረፈ። መጽሐፉ ሽንፈትን ነው የሚተርከው። ሆኖም አንባቢ ሲጨርሰው የዘላዮቹ ክብር ከፍ ይላል፤ ምክንያቱም የተላኩበት ዕቅድ ምን ያህል ጉድለት እንደነበረው ጸሐፊው አልሸሸገም። ጀግንነቱ የታየው የአዛዦቹ ስሕተት በግልጽ በመጻፉ ነው።

ከዚህ የበለጠ ለእኛ የሚቀርበው ዲየን ቢየን ፉ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1953 ሩቅ ሰሜን ቬትናም፣ በተራራ የተከበበ ሸለቆ ውስጥ ጃንጥላ ዘላዮችን አወረዱ፤ ሸለቆው ምሽግ ሆነ፤ ምሽጉም በመጋቢት 1954 ተከበበ። ማረፊያ ሜዳው በመድፍ ሲዘጋ የቀረው መንገድ ሰማይ ብቻ ነበር። ውጊያው ሊያልቅ ሲል፣ ምሽጉ እንደማይተርፍ እየታወቀ፣ ከዚያ በፊት ዘለው የማያውቁ በጎ ፈቃደኞች ጭምር በሌሊት ወደዚያ ጠባብ ቦታ ተጣሉ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 7 ቀን ሁሉም አበቃ። በርናርድ ፎል እ.ኤ.አ. በ1966 ስለዚህ ከበባ የጻፈው መጽሐፍ፣ እያንዳንዱ ኮረብታ መቼ በማን እጅ እንደነበረ፣ የትኛው ሻለቃ ስንት ሰው ይዞ ገብቶ ስንት እንደቀረው በስም በስም ያስቀምጣል። ፎል ራሱ በዓመቱ ቬትናም ውስጥ ፈንጂ ላይ ወድቆ ሞተ። አንድ ሰው ሊጠፋ ወደተቃረበ ምሽግ ፈቅዶ ሲዘል ምን እያሰበ እንደሆነ የሚያስረዳ መጽሐፍ ከተፈለገ ከዚህ መጀመር ይቻላል። የኛ ናቅፋ ከዚህ ከሃያ ዓመት ብዙም ሳይርቅ የመጣ ነው።

የኢትዮጵያ አየር ወለድ የተቋቋመው በ1950ዎቹ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ በእስራኤላውያን አሠልጣኞች እገዛ ሲሆን መቀመጫውም ደብረ ዘይት ነበር። ምልምሎቹ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ከማማ ላይ መዝለል፣ እግር ገጥሞ መውደቅ፣ ጃንጥላ ማጠፍ፣ ከዚያ ከአውሮፕላን በር መውጣት፤ ይህ ሁሉ በማንኛውም አገር ተመሳሳይ ነው። የማይመሳሰለው አየሩ ነው። ጃንጥላን የሚይዘው የአየር ተቃውሞ ስለሆነ፣ አየሩ በሳሳ ቁጥር ሰው በፍጥነት ይወርዳል። ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ቦታ ላይ አንድ ዘላይ መሬትን የሚመታበት ፍጥነት ከባሕር ዳርቻው በአሥር በመቶ ያህል ይጨምራል፤ እግሩና ወገቡ የሚችሉት ጉልበት ደግሞ በሃያ በመቶ። ትጥቅና ጥይት የተሸከመ ወታደር በድንጋያማ ተዳፋት ላይ ሲወድቅ ይህ ልዩነት የአንድ ቁርጭምጭሚት ዋጋ አለው፤ በከበባ ውስጥ ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ ሰው ደግሞ ከተዋጊነት ወደ ሸክምነት ይለወጣል። ደብረ ዘይት ላይ የሠለጠነ ሰው ይህን በአካሉ ያውቀዋል። በመጽሐፍ ሳይሰፍር የሚቀረው እውቀት እንዲህ ያለው ነው፤ ጄኔራሉ አይጽፈውም፣ ከታች የጠበቀውም አያውቀውም።

በ1966 ዓ.ም. አየር ወለድ በመጀመሪያ ወደ አደባባይ የወጣው በፖለቲካ ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ የአየር ወለዱ አዛዥ ኮሎኔል ዓለምዘውድ ተሰማ የጦር ኃይሎችን አስተባባሪ ኮሚቴ መርተው፣ ከልጅ እንዳልካቸው ካቢኔ ጋር በመሆን አመፁን ለማርገብ ሞከሩ፤ በመጋቢትም ጦራቸው የደብረ ዘይትን አየር ኃይል ሰፈር ከብቦ ነበር። ሰኔ ላይ ደርግ ሲቋቋም ነገሩ ከእጃቸው ወጣ። ራያን ስለ አርንሄም የጻፈው መጽሐፍ የወጣው በዚሁ ዓመት መሆኑን ሳስብ አንድ ነገር ይከነክነኛል። በሌላው ዓለም ጃንጥላ ዘላዩ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ቦታውን ሲይዝ፣ የኛው ወታደር በታሪክ ጸሐፊዎች የተቀመጠው በአብዮቱ ምዕራፍ ሥር፣ ማንን ደገፈ ማንን ከበበ በሚል ጥያቄ ነው። እስከ ዛሬም ከዚያ ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ አልወጣም።

ወደ ናቅፋ እንምጣ፤ የጽሑፉ እምብርት ይህ ነው። በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ ሻዕቢያ በሳሕል ተራሮች መካከል ያለችውን ናቅፋን ከበበ። በውስጧ የሌተና ኮሎኔል ማሞ ተምትሜ ጦር ነበር። መንገድ ተዘጋ፤ ምግብና ጥይት ከሰማይ የሚጣል ሆነ፤ ከሚጣለውም ከፊሉ በከበበው ወገን እጅ ይወድቅ ነበር። ከበባው ስድስት ወር ያህል ቆየ። በዚህ መካከል የተከበበውን ጦር ለማጠናከር አየር ወለዶች በጃንጥላ ወደ ናቅፋ ተጣሉ። እስቲ ይህን ቃል በቃል እናስበው። ሰዎቹ አውሮፕላን ሲሳፈሩ ከተማዋ እንደተከበበች ያውቃሉ። የሚወርዱበት ሜዳ ጠባብ ነው፤ ዙሪያውን ያሉት ከፍታዎች በባላጋራ እጅ ናቸው፤ አብራሪው የሚጥልበት ሰከንድ ትንሽ ቢዘገይ፣ ነፋሱ ትንሽ ቢበረታ፣ ከወገን ምሽግ ይልቅ ከሌላው ምሽግ ፊት ያርፋሉ። ተመልሶ የሚወስዳቸው አውሮፕላን የለም፤ በእግር የሚወጡበት መንገድም የለም። መውጫው ከበባውን መስበር ወይም እስከ መጨረሻው መቆየት ነው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ናቅፋ ወደቀች። ማሞ ተምትሜ እጁን ከመስጠት ራሱን እንደሠዋ ይነገርለታል፤ በወታደሩ ዘንድም ስሙ በክብር ይጠራል። ሲገባውም ነው። ነገር ግን ስድስት ወር ሙሉ በምሽግ የቆየው አዛዥ ስም ሲቀር፣ ከበባው መኖሩን እያወቁ ከሰማይ የወረዱት ሰዎች ስም «አየር ወለዶች» በሚል አንድ ቃል ተጠቅልሎ ቀረ።

በሌላው በኩል ናቅፋ የመጻሕፍት፣ የመዝሙር፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1997 የኤርትራ ገንዘብ ስም ሆነች። ሻዕቢያ ያችን ከተማ ከያዘ በኋላ ደርግ ዘመቻ ደጋግሞ ቢያካሂድም ሊያስለቅቀው ስላልቻለ፣ የናቅፋ ታሪክ በአሸናፊው ወገን በሰፊው ተነገረ። በ1980 ዓ.ም. መጋቢት ናደው ዕዝ አፋቤት ላይ ሲደመሰስ፣ ባዝል ዴቪድሰን ከዲየን ቢየን ፉ ወዲህ የዚያን ያህል ድል እንዳልታየ መናገሩ ይታወቃል። ንጽጽሩ ዝነኛ ሆነ። እኔ ግን ዲየን ቢየን ፉን የሚመስለው ከአፋቤት ይልቅ ናቅፋ ይመስለኛል፤ የተራራው ከበባ፣ ከሰማይ የሚጣለው ስንቅ፣ ሊጠፋ ወደተቃረበ ምሽግ የሚዘለው ሰው ሁሉም እዚያ አለ። የጎደለው በርናርድ ፎል ነው። ፎል የፈረንሳይን ጦር ሠነድ አገላብጦ፣ የቬትናሙንም ወገን ቃል መርምሮ ነው ስሞቹን ያስቀመጠው። ናቅፋ ላይ የወረዱት ሰዎች ስም ዝርዝር በዚያን ጊዜ በአንድ ቢሮ ወረቀት ላይ መስፈሩ አይቀርም፤ ጦር ያለ ስም ዝርዝር ሰው አውሮፕላን ላይ አያሳፍርምና።

ተከትሎ የመጣው ካራማራ የተለየ መልክ አለው። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ገባ፤ በመስከረም 1970 መጀመሪያ ጅጅጋ ወደቀች፤ ሐረርና ድሬዳዋ በአደጋ ላይ ወደቁ። መልሶ ማጥቃቱ ሲደራጅ በካራማራ ተራሮች ያለውን የማርዳ መተላለፊያ ፊት ለፊት ከመምታት ይልቅ በሰሜን በኩል ዞሮ ከጀርባ መግባት ተመረጠ። በዚህ ዙሪያ 10ኛ ክፍለ ጦር፣ አየር ወለዶችና የኩባ ታንከኞች አብረው ተንቀሳቀሱ፤ የሶቪየት ሄሊኮፕተሮችም ቀላል ታንኮችን በተራራው አሳልፈው ከሶማሊያ ጦር ጀርባ አስቀመጡ። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ተመለሰች፤ ቀኑም እስከ ዛሬ የካራማራ ድል ተብሎ ይከበራል። ስለዚህ ጦርነት ገብሩ ታረቀ በእንግሊዝኛ፣ ብርጋዴር ጄኔራል ካሳዬ ጨመዳ «የጦር ሜዳ ውሎዎች» በሚል ርእስ በአማርኛ የጻፏቸው መጻሕፍት አሉ፤ የካሳዬ ሥራ ከውጊያው መካከል ከነበረ ሰው የተገኘ በመሆኑ ለአንባቢ ብዙ ይሰጣል። እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ መቃወሚያ ይነሣል። አየር ወለዶቻችን በጃንጥላ የወረዱበት ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ብዙውን ጊዜ የተዋጉት በመኪና ተጉዘው፣ በእግር ወጥተው፣ እንደ ማንኛውም እግረኛ ነው፤ እንግዲያው ለብቻው የሚጻፍ የአየር ወለድ ታሪክ ከየት ይመጣል የሚል። ነገሩ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን አይከተልም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካው 101ኛ ክፍለ ጦር ባስቶኝን የጠበቀው በጃንጥላ ወርዶ ሳይሆን በካሚዮን ተጉዞ ነው፤ እስቲቨን አምብሮዝ ስለ አንድ ሻምበል እ.ኤ.አ. በ1992 በጻፈው መጽሐፍም ረጅሙ ስቃይ ያለው እዚያው በረዶ ውስጥ ነው። የአየር ወለድን ልዩ የሚያደርገው በጎ ፈቃደኛነቱና አስቸጋሪ ቦታ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠራ መሆኑ ነው። ጦሩ በችግር ቀን ማንን እንደጠራ፣ ስንት ጊዜ እንደጠራ፣ ከተጠሩትም ስንት እንደተመለሱ መጻፍ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ከዚህ የሚከብደው መቃወሚያ ከ1981 ዓ.ም. ጋር ይመጣል። ግንቦት 8 ቀን ጄኔራሎቹ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ ሲነሡ፣ ሜጀር ጄኔራል ቁምላቸው ደጀኔ የአየር ወለድ ወታደሮችን ይዘው ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ በረሩ። አስመራ ላይ ደግሞ ነገሩ ሲገለበጥ በሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶና በጓደኞቻቸው ላይ የዞሩት እዚያ የቀሩት አየር ወለዶች ነበሩ። አንድ ክፍል በሁለት ቀን ውስጥ በሁለቱም ወገን ቆመ ማለት ነው። የጄኔራሉ ልጅ ደረጀ ደምሴ «አባቴ ያቺን ሰዓት» በሚል የጻፈው መጽሐፍ የዚያን ሰዓት ሐዘን ከቤተሰቡ በኩል ያሳያል፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በመኖሩ የአማርኛ አንባቢ ዕድለኛ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በርስ በርስ ጦርነት ውስጥ የነበረ፣ ለጨካኝ መንግሥት የተዋጋ፣ በመጨረሻም የገዛ ጄኔራሎቹን የገደለ ክፍል ጀግንነቱ ሊጻፍለት ይገባል ወይ? ይገባል እላለሁ፤ ምክንያቴም ማዘን ብቻ አይደለም። ናቅፋ ላይ የዘለለውን ሰውና አስመራ ላይ የተኮሰውን ሰው አንድ አድርጎ የሚያየው፣ ሁለቱንም በስም የማያውቅ ሰው ነው። በስም የተጻፈ ታሪክ ሁለቱን ይለያቸዋል፤ አንዱን ከሌላው ጥፋት ያነጻዋል፤ ጥፋተኛውንም ከሌላው ክብር ጀርባ እንዳይደበቅ ያደርገዋል። ዝምታ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፍርድ ይሰጣል፤ ያ ደግሞ ለጀግናውም ለተበደለውም ኢፍትሐዊ ነው። በዚህ ላይ ያን ጊዜ በናቅፋ ዙሪያ ምሽግ ውስጥ የነበረው ኤርትራዊ ተዋጊም ከሰማይ የወረዱትን ሰዎች እንዴት እንዳያቸው የሚናገረው አለው፤ የእርሱን ቃል ጨምሮ የሚጻፍ መጽሐፍ ለሁለቱም ሕዝብ ይጠቅማል እንጂ ቁስል አይቀሰቅስም።

በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ተበተነ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ወደየመንደራቸው ተመለሱ፤ ወደዚህ ደጋም፣ ወደ መርሐቤቴና ወደ መንዝም፣ የተመለሱት ጥቂት አይደሉም። ለብዙ ዓመታት የቀድሞ ወታደር ስለ ውሎው በይፋ መናገር የሚደፍርበት ጊዜ አልነበረም። ዝምታው ሲላላ መጀመሪያ የጻፉት በላይ የነበሩት ናቸው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን»ን፣ ፍቅረሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን፣ ፍስሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ»ን አሳተሙ። እነዚህ መጻሕፍት ውሳኔ እንዴት እንደተወሰነ ለማወቅ ያስፈልጋሉ፤ ጸሐፊዎቹ ግን ከሁሉ በላይ የሚመልሱት ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን ጥያቄ ነው፤ ወታደሩ የሚገባባቸው እንደ ማስረጃ ነው፣ ወይ ለክስ ወይ ለመከላከያ። ታደሰ ቴሌ ሳልቫኖ «አይ ምጽዋ»ን ሲጽፍ ወደ ሜዳው ቀረብ ብሏል፤ አንባቢም ያን መጽሐፍ የወደደው ስለዚህ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 ፋንታሁን አየለ ስለ ኢትዮጵያ ጦር ከድል እስከ ውድቀት ያሳተመው ጥናት ደግሞ፣ የመከላከያን ሠነድ እየጠቀሰ ስለሚሄድ፣ መዝገቡ ሁሉ ጠፍቷል የሚለውን ተስፋ መቁረጥ ያፈርሳል። መዝገብ አለ። ላኪው ጽፏል። ጠባቂውም ጽፏል።

የቀረው መቃወሚያ የትዝታ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ትዝታ ይታመናል ወይ የሚል። የአምብሮዝን መጽሐፍ ተከትሎ የተሠራው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ አልበርት ብላይዝ የተባለው ጃንጥላ ዘላይ እ.ኤ.አ. በ1948 ሞተ ብሎ ተናገረ፤ ሰውየው በእርግጥ የሞተው በ1967፣ በወታደርነት ላይ እንዳለ ነው። ሞተ ያሉት ጓዶቹ ዋሽተው አይደለም፤ እንደዚያ መስሏቸው ነው። ይህ ስሕተት የትዝታን ድክመት ያሳያል፤ ግን እንዴት እንደታረመም ያሳያል። ስሙ በግልጽ በመጻፉ ቤተሰቡና መዝገቡ ሊያርሙት ቻሉ። ያልተጻፈ ስም የሚያርመው የለም። ራያንም አንድን ምስክር ብቻውን አላመነም፤ የብሪታንያውን ዘላይ ቃል ከጀርመኑ ቃል ጋር፣ ሁለቱንም ከሠነድ ጋር አስተያይቷል። የኛ ሽማግሌም «ሌሊት ነበር» ቢል፣ የበረራው መዝገብ ቀን ነበር ካለ፣ ሁለቱ ሲጋጩ ነው እውነቱ መውጣት የሚጀምረው። ፉከራ ይህን አይችልም፤ የተፈጠረው ለሌላ ዓላማ ነው። ክብሩ እንዳለ ሆኖ፣ ለአየር ወለዱ ሰዓትና ቁጥር፣ የነፋስ አቅጣጫና የሜዳ ስፋት ያስፈልገዋል።

በ1969 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ወደ ናቅፋ የተጣለ ሰው ዛሬ ሰባ ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል ወይም አልፎታል። ይህን መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው፣ ከደብረ ዘይት ይጀምር ከዓለም ከተማ፣ «ጀግና ነበሩ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ለዚያ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ። የሚጠየቀው ሌላ ነው። አባባ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ከፊትዎ የነበረው ማን ነው፣ ከኋላዎስ? ከበሩ ሲወጡ ፀሐይዋ በየት በኩል ነበረች? መሬት ሲነኩ ወዲያው ቆሙ ወይስ ጎተተዎት? መጀመሪያ የሰሙት ድምፅ አማርኛ ነበር ትግርኛ? ጃንጥላዎንስ የት ጣሉት?